የሰዓት ሠሪው ልጅ፦ ኮሪ ቴን ቦም በክፉ ቀን ያገኘችው ደስታ

 

ሳይረን በሚጮኽበት፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ልብ በሚንጠለጠልበት ዘመን ሰው እንዴት ደስታ ሊያገኝ ይችላል? ይህን ጥያቄ ከእናቶችና ከአባቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። አጭር መልስ የለኝም። የድሮ መምህር ነኝና መልስ ሲያጥረኝ ታሪክ እነግራለሁ። ዛሬም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የዛሬዋ ባለታሪክ ክርስቲያን ናት፤ ደስታዋም ከክርስትና እምነቷ የመጣ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የኦሪትን ሕግ ይዘን የኖርን ነን፤ በአገር ቤት ሳለንም የሚሲዮን ነገር ስንቱን ቤተሰብ እንደለያየ እናውቃለን። ታሪኩን የማቀርበው ማንንም ወደ ሌላ እምነት ለመጥራት አይደለም። ይህች ሴት በእምነቷ ምክንያት በሯን ለእስራኤል ልጆች ከፈተች፤ ለዚህም ብዙ ከፈለች። ክርስቲያን የሆኑ አድማጮቻችንም አሉንና ታሪኩ ለሁላችንም ይሆናል።

ስሟ ኮሪ ቴን ቦም ይባላል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1892 በሆላንድ አገር ነው። ለአባቷ ለካስፐርና ለእናቷ ለኮር ከአራት ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። ታላላቆቿ ቤትሲ፣ ቪለምና ኖሊ ይባላሉ። ያደገችው በሃርለም ከተማ፣ ጠበብ ባለ መንገድ ላይ በቆመ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤቱ የሰዓት መሸጫና መጠገኛ፣ ፎቁ መኖሪያ ነበር። ሦስት አክስቶችም አብረዋቸው ይኖሩ ስለነበር ከማዕዱ ሰው አይጠፋም ነበር።

ሱቁን በ1837 የከፈቱት አያቷ ናቸው። እኚህ አያት በ1844 በዚያው ቤት ሰዎችን እየሰበሰቡ በየሳምንቱ ስለ አይሁድ ሕዝብና ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም መጸለይ ጀመሩ። ኢየሩሳሌምን አይተዋት አያውቁም። እኛ ወላጆቻችን በጎንደርና በትግራይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲጸልዩ ያየን ሰዎች ነን፤ ከሆላንድ ሰዓት ሠሪ ቤትም ተመሳሳይ ጸሎት ይወጣ እንደነበር ማወቅ ይገርማል። ይህን ዓመት፣ 1844ን፣ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አባቷ ካስፐር በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሰዓት መጠገኑን እንጂ ሒሳብ መቀበሉን ብዙ ጊዜ ይረሱት ነበር ይባላል። ጠዋትና ማታ ቤተሰቡን ሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። አይሁድን ይወዱ ነበር፤ የአብርሃም ልጆች ስለሆኑም ያከብሯቸው ነበር።

ኮሪ በወጣትነቷ አንድ ወጣት ወደደች፤ እሱም የወደዳት መስሎ ነበር። ቤተሰቦቹ ግን ሀብታም እንዲያገባ ፈለጉ። አንድ ቀን ወደ ቤታቸው መጣ፤ ከጎኑ እጮኛው ነበረች። ኮሪ እንግዶቹን በክብር ካስተናገደች በኋላ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። አባቷ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። የተዘጋ ፍቅር ወይ ይገደላል፣ ወይ ደግሞ እግዚአብሔር ሌላ መንገድ እንዲከፍትለት ይለመናል ብለው መከሯት። እሷም ሁለተኛውን መረጠች። ከዚያ በኋላ ባል አላገባችም፤ ፍቅሯ ግን ሌላ መንገድ አገኘ።

ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሰዓት መሥራት ተማረች። በ1922 በሆላንድ የሰዓት ሠሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በትርፍ ጊዜዋ ለልጃገረዶች ክበብ ታቋቁማለች፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸውም ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል ታስተምራለች። በዚያ ዘመን እነዚህን ሰዎች የሚቆጥራቸው አልነበረም። እሷ ግን እያንዳንዳቸውን በስማቸው ታውቃቸዋለች።

ወንድሟ ቪለም ቄስ ነበር። በግልጽ መናገር ካለብን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የመደበችው አይሁድን ወደ ክርስትና እንዲያመጣ ነበር። እሱ ግን በጀርመን አገር ሲማር የጥላቻውን ማደግ በዓይኑ አየ፤ ናዚዎች ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ሊመጣ ያለውን ክፋት ጽፎ አስጠነቀቀ። የሰማው ጥቂት ነው። በኋላ ሒልቨርሱም በተባለ ቦታ የአረጋውያን መኖሪያ አቋቁሞ ከጀርመን የሚሸሹ አይሁድን መቀበል ጀመረ።

በግንቦት 1940 የጀርመን ጦር ሆላንድን ወረረ፤ አገሪቱም በአምስት ቀን ውስጥ ተሸነፈች። ኮሪ ያን ጊዜ 48 ዓመቷ ነበር። የልጃገረዶቿ ክበብ ተዘጋ። በአይሁድ ልብስ ላይ ቢጫ ኮከብ እንዲሰፋ ታዘዘ፤ ጎረቤት የነበሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት መጥፋት ጀመሩ።

በግንቦት 1942 አንድ ማታ ሻንጣ የያዘች ሴት በሩን አንኳኳች። አይሁዳዊት ነበረች፤ ባሏ ታስሯል፣ ልጇ ተደብቋል፣ ወደ ቤቷ መመለስ አትችልም። ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈው አዛውንቱ ካስፐር ብዙ አልጠየቁም፤ በቤታቸው የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁልጊዜ እንግዳ መሆኑን ነግረው አስገቧት። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎች ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት መጡ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

እንግዳ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ማብላት ሌላ ነው። ምግብ የሚገኘው በራሽን ካርድ ብቻ ነበር። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆማችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ለአይሁድ ካርድ አይሰጥም ነበር። ኮሪ በምግብ ካርድ ቢሮ የሚሠራ አንድ ሰው ታውቃለች፤ የአእምሮ ችግር ያለባትን ልጁን ለዓመታት አስተምራለታለች። ወደ ቤቱ ስትሄድ አምስት ካርድ ለመጠየቅ ነበር ያሰበችው። አፏን ስትከፍት ግን አንድ መቶ ጠየቀች። ሰውየው ካርዶቹን ለመስጠት ቢሮው የተዘረፈ አስመስሎ፣ ራሱንም በወዳጁ አስደብድቦ ሰጣት። ያ ለማንም የማይታይ የሰንበት ትምህርት በክፉ ቀን የሰው ሕይወት አዳነ።

ቤቱ የድብቅ ሥራ ማዕከል ሆነ። አንድ የሕንጻ ባለሙያ መጥቶ በላይኛው ፎቅ፣ በኮሪ መኝታ ክፍል፣ የሐሰት ግድግዳ በጡብ ሠራ። ከግድግዳው ጀርባ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ተረፈ። መግቢያው በቁም ሣጥኑ የታችኛው መደርደሪያ ሥር ያለች ትንሽ መዝጊያ ነበረች። እኛ ዛሬ ማማድ ውስጥ ስንገባ ከብረት በሩ ጀርባ እንቀመጣለን፤ እነዚያ ሰዎች ግን ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆሙ ነበር። ደወል ሲደወል ሰሐኑን፣ አንሶላውን፣ የሲጋራውን አመድ ሳይቀር አጥፍተው እንዲገቡ በተደጋጋሚ ተለማመዱ።

ከተደበቁት አንዱ የምኩራብ ዘማሪ ነበር። ቤተሰቡ ሰንበታቸውን ያከብርላቸው ነበር፤ በተቻለ መጠንም ኮሸር ምግብ ለማቅረብ ይደክም ነበር። ማታ ማታ መጋረጃው ሲወርድ ሙዚቃ፣ ንባብና የዕብራይስጥ ትምህርት ነበር። ሞት ደጅ ቆሞ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ይሰማ ነበር። ሰዎች ካስፐርን በዚህ ዕድሜያቸው እስር ቤት ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቀዋቸዋል። ሽማግሌው ለእግዚአብሔር ሕዝብ ሲሉ መሞትን እንደ ክብር እንደሚቆጥሩት መለሱ።

በየካቲት 28 ቀን 1944 አንድ ሆላንዳዊ ሰላይ ሚስቱ እንደታሰረችና ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አስመስሎ መጣ። ኮሪ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። የዚያኑ ዕለት ጌስታፖ ቤቱን ወረረ። ኮሪንና ቤትሲን እየደበደቡ የመሸሸጊያውን ቦታ ጠየቋቸው። እነሱ አልተናገሩም። ወደ ቤቱ የመጣ ሁሉ እየተያዘ 30 ያህል ሰው ታሰረ። ግድግዳውን እየደበደቡ ቢፈልጉም በውስጡ የነበሩትን ስድስት ሰዎች አላገኟቸውም። አራቱ አይሁድ፣ ሁለቱ የድብቅ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ወደ 47 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በወዳጅ ፖሊሶች እጅ ወጡ።

እንግዲህ 1844ን አስታውሱ። አያት ስለ ኢየሩሳሌም መጸለይ ከጀመሩ ልክ በ100 ዓመቱ፣ በዚያው ቤት፣ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስለ አይሁድ ታሰሩ።

ካስፐር 84 ዓመታቸው ነበር። ዳግመኛ ችግር ካልፈጠሩ ወደ ቤታቸው ሄደው እንዲሞቱ እንደሚፈቀድላቸው ተነገራቸው። እሳቸውም ነገ ቢለቀቁ በሩን ለሚያንኳኳ ችግረኛ ሁሉ እንደገና እንደሚከፍቱ ተናገሩ። ከአሥር ቀን በኋላ በእስር ላይ ሳሉ አረፉ።

ኮሪ ለብቻዋ በጠባብ ክፍል ታሰረች። ለወራት ያነጋገረችው ሰው ጥቂት ነው፤ ጉንዳኖች ሲገቡ የእንጀራ ጓደኛ እንዳገኘች ተደስታ ፍርፋሪ ታካፍላቸው ነበር። አንድ ቀን ከእህቷ ከኖሊ ደብዳቤ ደረሳት። የአድራሻው ጽሑፍ ወደ ቴምብሩ ያዘነበለ መሆኑ አጠራጠራትና ቴምብሩን በውኃ አላቀቀችው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል በቁም ሣጥኑ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ደህና መሆናቸው ተጽፏል። ሰዓቶች የተባሉት የተደበቁት ሰዎች ነበሩ። ኮሪ በዚያ ጨለማ ክፍል በደስታ አለቀሰች። የአባቷን መሞት የሰማችውም በዚያው ክፍል ሆና ነው።

በሰኔ ወር ሁለቱ እህትማማቾች ቩኽት በተባለ ካምፕ ተገናኙ። በመስከረም 1944 ደግሞ በከብት ባቡር ተጭነው ጀርመን ውስጥ ወዳለው ራቨንስብሩክ የሴቶች ማጎሪያ ተወሰዱ። ቤትሲ ከልጅነቷ ጀምሮ ደመ ደካማና በሽተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋም 59 ደርሶ ነበር። ፍተሻውን እንዴት እንዳለፉት ሲያስገርም የሚኖር ነገር ነው፤ ኮሪ በልብሷ ሥር ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ገባች።

የተመደቡበት ቤት ቁጥር 28 ነበር። ለ400 ሰው በተሠራው ቤት 1,400 ያህል ሴቶች ታጭቀው ነበር። ጭድ በተነጠፈበት መደብ ላይ እንደወጡ ቁንጫ ወረራቸው። ኮሪ ተማረረች። ቤትሲ ግን ጠዋት ያነበቡት ቃል በሁሉ ነገር አመስግኑ እንደሚል አስታወሰቻትና አንድ በአንድ ማመስገን ጀመረች፤ አብረው ስለመሆናቸው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ጥበቱም ጭምር፣ ብዙ ሰው ቃሉን ይሰማልና። በመጨረሻ ስለ ቁንጫው አመሰገነች። ኮሪ ይህን አልተቀበለችውም። በዚህስ እህቷ ተሳስታለች ብላ አሰበች።

ቀናት አለፉ። ማታ ማታ ሴቶቹ በደብዛዛው መብራት ሥር ይሰበሰባሉ። አንዲቱ በሆላንድ ቋንቋ ታነባለች፤ ቃሉ ወደ ጀርመንኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ፖላንድኛ፣ ወደ ሩሲያኛ እየተተረጎመ ከመደብ ወደ መደብ ይተላለፋል። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም አብሮ ይጸልያል። በሌላው ቦታ ሁሉ የሚያሳድዷቸው ጠባቂዎች ወደዚያ ክፍል አይገቡም ነበር። ምክንያቱን ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ቤትሲ በክፍሉ ውስጥ ካልሲ ከሚሠሩት ጋር ሳለች ጠባቂዋን ለጥያቄ ጠሯት፤ ጠባቂዋ ቁንጫውን ፈርታ ለመግባት እምቢ አለች። ቤትሲ ይህን በደስታ ለእህቷ ነገረቻት። አባቶቻችን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ኮሪም ያን ዕለት ስለ ቁንጫው የተደረገው ምስጋና ትዝ አላት።

ታሪኩን ግን አላጣፍጠው። በዚያ ካምፕ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አልቀዋል፤ ምስጋናም ቤትሲን ከሞት አላዳናትም። አንድ ቀን አፈር ስትዝቅ የጫነችው ትንሽ ስለነበር ጠባቂዋ አፌዘችባትና በአለንጋ መታቻት። ኮሪ በንዴት አካፋዋን ይዛ ልትወረወር ስትል ቤትሲ አስቆመቻት፤ ቁስሉን እንዳታይ፣ ወደ ጌታ እንድትመለከት ለመነቻት። ቤትሲ ስለ ጠባቂዎቹም ታዝን ነበር፤ ጥላቻ የያዛቸው በሽተኞች አድርጋ ታያቸው ነበር። ኮሪ ይህ አልሆነላትም። በኋላ ራሷ እንደመሰከረችው፣ በራስ ወዳድነትና በጥላቻ ትፈተን የነበረችው እሷ ነበረች። ይህን መደበቅ ትችል ነበር፤ አልደበቀችም።

ቤትሲ እየደከመች ስትሄድ ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት ነገር ትናገር ነበር። የተጎዱ ሰዎች አርፈው አበባ የሚተክሉበት ትልቅ ቤት ይታያት ነበር። በጀርመንም አንድ ካምፕ ተቀይሮ፣ ጥላቻን የተማሩ ሰዎች ፍቅር የሚማሩበት ቦታ ይሆናል ትል ነበር። አዲሱ ዓመት ሳይገባ ሁለቱም ነጻ እንደሚወጡ ለኮሪ ነገረቻት። በታኅሣሥ 16 ቀን 1944 ቤትሲ አረፈች። ኮሪ ሬሳዋን ስታይ ፊቷ በሰላም እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኮሪ ተፈታች። የተፈታችው በጽሕፈት ስህተት እንደነበር በኋላ አወቀች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በጋዝ ተገድለዋል።

ከቤተሰቡ የሞቱት ሁለቱ ብቻ አልነበሩም። የቪለም ልጅ ኪክ በበርገን-ቤልሰን ካምፕ ሞተ፤ ቪለምም በእስር ቤት በያዘው በሽታ በ1946 አረፈ።

ኮሪ ግን ቤቷ ተቀምጣ አላለቀሰችም። አንዲት ባለጸጋ መበለት ልጇ ከጀርመን በሕይወት ሲመለስላት በብሉመንዳል ያለ ትልቅ ቤቷን ሰጠች፤ በ1945 ከካምፕ የተረፉ ሰዎች ማገገሚያ ሆነ። ቤቱ ቤትሲ እንደተናገረችው የአበባ ቦታ ነበረው። ቆይቶም በጀርመን በዳርምሽታት የነበረ ካምፕ የስደተኞች ማረፊያ ሆነ። ኮሪ በራሷ ቤት ደግሞ ከጠላት ጋር ተባብረው የነበሩ፣ ሕዝብ የሚጠላቸው ሆላንዳውያን እንዲጠለሉ አደረገች። አሳልፎ የሰጣት ሰው እንደተፈረደበት ስትሰማም ይቅር እንዳለችው ጻፈችለት።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1947 ነው። በሙኒክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ ተናግራ ስትጨርስ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ መጣ። ከራቨንስብሩክ ጠባቂዎች አንዱ ነበር። እሱ አላወቃትም፤ እሷ ግን አወቀችው። አሁን ክርስቲያን መሆኑን ነግሯት ይቅርታ ጠየቃት። ኮሪ ቆመች። እጇ አልነሳ አላት። የቤትሲ ሞት በዓይኗ መጣ። በልቧ ምንም ፍቅር አልነበረም። ይቅርታ ስሜት ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን አሰበችና፣ እጇን ብቻ ማንሳት እንደምትችል፣ የቀረውን እሱ እንዲሰጣት አምላኳን ለመነች። እጇን እንደ እንጨት ዘረጋች። ያን ጊዜ ሙቀት በክንዷ በኩል ወደ ሁለቱም እጅ ሲፈስ ተሰማት፤ ከልቧም ይቅር አለችው። የእግዚአብሔርን ፍቅር የዚያን ጊዜ ያህል አጥብቃ እንዳላወቀችው ከዚያ በኋላ መስክራለች።

ይቅርታ በግድ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ወገኑን ያጣ ሰው ይቅር እንዲል ማንም ሊያዝዘው አይችልም። ኮሪም የተናገረችው ስለ ራሷ ቁስል ነው። ከተረፉት መካከል በጥላቻ ታስረው የቀሩት ሳይድኑ ሲቀሩ፣ ይቅር ማለት የቻሉት ግን እንደገና መኖር ሲጀምሩ እንዳየች ነግራናለች።

ከ60 በላይ አገሮችን ዞራ መሰከረች፤ ወደ አፍሪካም መጥታለች። የሕይወት ታሪኳ በ1971 በመጽሐፍ ወጣ፤ በ1975 ፊልም ሆነ። በ1978 ስትሮክ መታትና አፏ ተያዘ። ዓለምን ስትናገር የኖረች ሴት አምስት ዓመት ያህል በዝምታ ተኛች። በሚያዝያ 15 ቀን 1983፣ 91 ዓመት በሞላት ዕለት፣ በካሊፎርኒያ አረፈች። የሃርለሙ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ግድግዳው ተቦርቡሮ ያቺ ጠባብ ቦታ ትታያለች።

እስራኤል አልረሳቻትም። በ1967 ያድ ቫሼም ሐሲዴ ኡሞት ሃዖላም ከሚባሉት፣ ከአሕዛብ ጻድቃን ጋር ቆጠራት፤ ኢየሩሳሌምም መጥታ በጻድቃን ዛፎች መካከል በስሟ ዛፍ ተተከለ። አባቷና ቤትሲም በኋላ ይኸው ክብር ተሰጣቸው። አያት ከሩቅ የጸለዩላት ከተማ የልጅ ልጃቸውን ስም ያዘች።

በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ወደ ሄርጸል ተራራ የምንወጣ ብዙ ነን። በሱዳን መንገድ የቀሩት ወላጆቻችን፣ ልጆቻችን፣ እህቶቻችን መታሰቢያ በዚያ ነው። ያድ ቫሼም ከዚያ ጎን ነው። ኮሪ እህቷን በካምፕ ቀብራ ሳትቀብር ነው የወጣችው፤ ከመካከላችንም በዚያ በረሃ ወገኑን ሳይቀብር የተነሣ ስንት ሰው አለ። ስለዚህ ታሪኳ ለእኛ ባዕድ አይሆንም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ቤትሲ ያገኘችው ደስታ ሐዘን ሳይኖር የመጣ አይደለም። ከቁንጫው ጋር፣ ከረሃቡ ጋር የመጣ ነው። ከእምነቷ ቀድታ ለአጠገቧ ላለው ስታካፍል ነው የበዛላት። እያንዳንዳችን ከየእምነታችን የምንቀዳው አለን፤ ሊያካፍሉት የሚችሉት ጎረቤትም በበራችን አለ። ዛሬ ማታ ብቻዋን የምትኖር አንዲት እናት ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቋት፣ ከዚህ ታሪክ ትምህርቱን ወስዳችኋል ማለት ነው።